ስላይዱ ካልሄደ ሁለተኛ አስተያየት የለም፦ የሴቶች ካንሰር ባዮፕሲን ዳግም ስለማስነበብ

የልደታ ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። በመሀል ከተማ፣ በተለይ በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ባሉት ክሊኒኮች፣ «ሁለተኛ አስተያየት እንፈልጋለን» የሚሉ አስታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የውጤት ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ የመጀመሪያው ፓቶሎጂስት (ባዮፕሲውን፣ ማለትም ለምርመራ የተወሰደውን ሥጋ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሐኪም) ቃል ነው። ሁለተኛው ሐኪም እሱን ቢያነብ ቃሉን ከመድገም ውጭ የሚጨምረው የለም፤ ሴሉን አላየማ። ዳግም መነበብ ያለበት መስታወቱ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ከሰውነት የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ በሰም ተሞልቶ ብሎክ ይሆናል፣ ከብሎኩ ላይ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆን ስስ ቅጠል ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፍና ይቀለማል። ስላይድ የምንለው ያ ነው። ብሎኩ ላብራቶሪው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከሚያክማት ሐኪም የጥያቄ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማህተም ይደረግበታል። ደብዳቤው ላይ የካርድ ቁጥሯና የባዮፕሲ ቁጥሩ ሁለቱም ይኑሩ፤ ፓቶሎጂ ክፍል የሚፈልገው በባዮፕሲ ቁጥሩ ስለሆነ የካርድ ቁጥር ብቻ ይዞ መሄድ ሌላ ቀን ተመለሱ ያስብላል። ቀጥሎ ፓቶሎጂ ክፍል ስንት ስላይድና ስንት ብሎክ እንደወጣ በመዝገብ ተጽፎ ይፈረማል። የሚወሰደው የተቀለሙት ስላይዶች በሙሉ ናቸው። «ካንሰሩ ያለበት ይኸኛው ነው» ተብሎ አንድ ብቻ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ሁለተኛው አንባቢ የመጀመሪያው ያለፈውንም ማየት አለበት። የኢሚውኖ ቀለም (የተወሰነ ፕሮቲን ሴሉ ላይ መኖሩን የሚያሳይ ልዩ ቀለም) ተሠርቶ ከነበረ እነዚያ ስላይዶች ከነማነጻጸሪያቸው ይጨመሩ። የመጀመሪያው ሪፖርት ኮፒም አብሮ ይሂድ።

ደብዳቤው ላይ «እባክዎ ዳግም ይታይልን» ብቻ ከተጻፈ መልሱም እንደዚያው ይሆናል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «የ47 ዓመት ሴት፣ ግራ ጡት፣ 3 ሴንቲሜትር እብጠት፣ ኬሞ አልተጀመረም። ጥያቄ፦ ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ኢ አር (የኢስትሮጅን ተቀባይ) በእርግጥ ዜሮ ነው?» ዕድሜ፣ የትኛው ጎን፣ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም ምን አለ፣ መድኃኒት ተጀምሯል ወይስ አልተጀመረም። ከኬሞ በኋላ የተወሰደ ሥጋ መልኩ ስለሚለወጥ የመጨረሻዋ በተለይ አትቅር።

---

ሰም ቆራጭ

እህቴ ጥሩ ጀምረሽዋል። «ስንት ብሎክ እንደወጣ» ያልሽው ላይ ግን፣ ብሎኩን አንሥቶ መስጠት ላይ አልስማማም። ብሎክ አንድ ነው፣ ከጠፋ አይተካም። ከሱ ላይ ያልተቀለሙ ስላይዶች ቆርጦ መስጠት ይቻላል።

ስንት ይቆረጥ ለሚለው፦ ጡት ከሆነና ኢ አር፣ ፒ አር (የፕሮጄስትሮን ተቀባይ)፣ ኸር-2 (የሴል እድገት የሚያፋጥን ፕሮቲን) እንዲደገም ከተፈለገ 10 ያህል ይበቃል፤ ሌሎች ቀለሞች ከታሰቡ ወደ 15 ይጠጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታዘዝ። ብሎኩ ሚክሮቶም (መቁረጫው ማሽን) ላይ በወጣና በገባ ቁጥር ፊቱን ለማስተካከል ብቻ ሥጋ ይባክናል። በመርፌ የወጣ ቀጭን ናሙና ሲሆን ይህ ብክነት ብቻውን ናሙናውን ሊጨርሰው ይችላል።

ለኢሚውኖ የሚቆረጠው ቅጠል ተራ መስታወት ላይ ከተለጠፈ በማፍላት ደረጃ ተላቆ ይሄዳል። ቻርጅ የተደረገበት (ሥጋውን አጥብቆ እንዲይዝ የተዘጋጀ) ስላይድ ይጠየቅ። ከተቆረጠ 6 ሳምንት ያለፈው ስላይድ ለኢ አርና ለኸር-2 አይታመንም፤ ቀለሙን የሚይዘው ፕሮቲን እየደከመ ስለሚሄድ እውነተኛ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ቀድሞ አስቆርጦ ቦርሳ ውስጥ ማቆየት ዋጋ የለውም። የሚያነበው ሰው ከታወቀ በኋላ ይቆረጥ።

---

ፓቶ አራት ኪሎ

ሰም ቆራጭ፣ ስለ አደራው ልክ ነህ። ነገር ግን ብሎኩ ራሱ መሄድ ያለበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ቅጠል ካንሰሩን ነካ አድርጎ ያለፈ ከሆነ ወይም ወረራ (ካንሰሩ ወደ ዙሪያው ሥጋ መግባቱ) አለ የለም የሚለው ጥያቄ ከሆነ፣ አንባቢው ወደ ጥልቅ እየወረደ በየደረጃው ማየት ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ከየትኛው ጥልቀት እንደሚፈልግ አይቶ ነው የሚወስነው፤ አስቀድሞ በደብዳቤ ሊነገር አይችልም። እንደዚያ ሲሆን ካንሰሩም ጤነኛው ሥጋም አብረው ያሉበት አንድ ብሎክ ተመርጦ ይሂድ፣ ሌሎቹ ይቅሩ። ሁሉንም ብሎክ በአንድ ላስቲክ መስጠት ግን በፍጹም።

---

ታናሽ እህት

ውጤቱ ላይ «ኢ አር ኔጌቲቭ፣ ፒ አር ኔጌቲቭ፣ ኸር-2 2+» ብሎ ካበቃ ማስደገሙ ዋጋ አለው? ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

---

ፓቶ አራት ኪሎ

ታናሽ እህት፣ በጣም ዋጋ አለው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑም ለየብቻ ላስረዳሽ።

ኢ አር ማለት የኢስትሮጅን ተቀባይ ነው። ከካንሰሩ ሴሎች ኒውክሊየስ 1 በመቶው እንኳ ከተቀለመ ፖዘቲቭ ይባላል፤ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ኔጌቲቭ ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፦ በዚያው ስላይድ ላይ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦ ተቀልሟል? ጤነኛ ቱቦ ውስጥ ኢ አር ያላቸው ሴሎች አሉ። ቱቦውም ካንሰሩም ነጭ ከሆኑ የወደቀው ማቅለሙ ነው፣ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ሊባል አይገባውም። ቱቦው ተቀልሞ ካንሰሩ ካልተቀለመ ግን ኔጌቲቭነቱ ይታመናል። ሪፖርቱ ስለ ቱቦው አንድም ቃል ካልጻፈ ይህን ብቻ ለማጣራት ማስነበብ በቂ ምክንያት ነው።

የካንሰሩ ዓይነትም ይናገራል። ሎቡላር፣ ቱቡላር፣ ንፍጥ የሚያመርተው ሙሲነስ፣ ወይም ግሬድ 1 የሆነ (ሴሎቹ ለጤነኛ ሴል የሚቀርቡ) ካንሰር ኢ አር ኔጌቲቭ ተብሎ ከመጣ ያልተለመደ ስለሆነ ቀለሙ መደገም አለበት።

ጉዳቱን አስቢው። በስህተት ኔጌቲቭ የተባለች ሴት በቀን 20 ሚሊግራም ታሞክሲፌን (ኢስትሮጅን ካንሰሩን እንዳያሳድግ የሚከላከል ክኒን) አይጻፍላትም። ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ በዋጋ ከሚቀሉት አንዱ የሆነውን፣ እቤቷ ሆና ለዓመታት የምትውጠውን ክኒን ታጣለች ማለት ነው። ስለ ሁለተኛ ንባብ ስናወራ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ ማደናገሪያ አለ። አንዳንድ ሪፖርት በመቶኛ ሳይሆን በኦልሬድ ነጥብ ይጽፋል፤ ስንት ሴል ተቀለመ ለሚለው ከ0 እስከ 5፣ ምን ያህል ደመቀ ለሚለው ከ0 እስከ 3፣ ተደምሮ ከ8። ከ3 ጀምሮ ፖዘቲቭ ነው። «3/8» የሚለውን «3 በመቶ» ብሎ መገልበጥ ወይም «ትንሽ ነው» ብሎ ኔጌቲቭ ማድረግ ያጋጥማል።

ኸር-2 2+ ደግሞ ውጤት አይደለም፣ ያልተቋጨ ጥያቄ ነው። 0 እና 1+ ኔጌቲቭ፣ 3+ ፖዘቲቭ ይባላሉ። 3+ የሚባለው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት የካንሰር ሴሎች ሽፋናቸው ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ደምቆ ሲቀለም ነው። 2+ ላይ ፊሽ የሚባለው የጂን ቆጠራ ይደረጋል፤ የኸር-2 ጂን ከክሮሞዞም 17 ማነጻጸሪያው ጋር ሲካፈል 2.0 ወይም ከዚያ በላይ፣ በአንድ ሴል ያለው የጂን ብዛትም በአማካይ 4.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ 2+ ተብሎ ያበቃ ሪፖርት ይዞ ትራስቱዙማብ (ኸር-2ን የሚያጠቃ መድኃኒት) መጀመርም መከልከልም አይገባም። ፊሽ ከማዘዝ በፊት ግን ኸር-2ውን በሌላ ዓይን ማስነበብ ብልህነት ነው፤ 2+ የተባለው ዳግም ሲታይ ግልጽ 3+ ወይም 1+ ሆኖ የፊሹ ወጪ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

---

የቀዶ ክፍል

እዚህ ሁሉም ስለ አንባቢው ያወራል፣ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እኛ ጋ ነው። የተበላሸ ሥጋ አሥር ሰው ቢያነበው ያው የተበላሸ ነው።

ሥጋው ከወጣ ከ1 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ 10 በመቶ፣ በጨው የተመጣጠነ መሆን አለበት። ለአንድ ሊትር፦ 100 ሚሊሊትር ዋናው የፎርማልዴሃይድ ፈሳሽ፣ 900 ሚሊሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት። ጨዉ ሲቀር ፈሳሹ እየኮመጠጠ ይሄድና ሥጋው ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይጥላል፣ ቀለም የሚይዙትንም ፕሮቲኖች ይጎዳል። መጠኑ ከሥጋው 10 እጥፍ ይሁን። ሙሉ ጡት በትንሽ ባልዲ ተጠቅጥቆ ፎርማሊኑ ላዩን ብቻ ካራሰው መሀሉ ይበሰብሳል፤ ፎርማሊን በሰዓት ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚዘልቀው። ስለዚህ ትልቅ ጡት ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ልዩነት ተቆራርጦ፣ በየመሀሉ ጋዝ ገብቶ መቀመጥ አለበት።

ሃይላንድ ጠርሙስ! ሥጋው ለስላሳ ሳለ በጠባቡ አንገት ይገባል፤ ከደረቀ በኋላ አይወጣም። ለማውጣት ሲጎተት ይጨፈለቃል፣ ጠርዙ ይበጣጠሳል፣ «ጠርዙ ነጻ ነው ወይ?» (የተቆረጠው ሥጋ ዳር ላይ ካንሰር የለም ወይ?) የሚለው ጥያቄ እስከ ወዲያኛው ይሞታል። አፈ ሰፊ ዕቃ ይገዛ። አልኮል ወይም ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ማስቀመጥም ያው ጥፋት ነው፤ አልኮል ኸር-2ን በሐሰት ያደምቃል፣ ሳላይን ደግሞ ጨርሶ አያቆይም።

ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት የተቀደደ ሥጋ ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ሲደርስ ወደ ገደቡ እየተጠጋ ነው፤ ሰኞ በዓል ከሆነ አልፎታል።

---

ሰም ቆራጭ

የቀዶ ክፍል ባለው ላይ ትልቁን ነገር ልጨምር፤ የሰዓት አጻጻፍ። ቅጹ ላይ «8:00» ብቻ ይጻፋል። በእኛ አቆጣጠር የቀኑ 8 ሰዓት ነው? ወይስ በፈረንጆቹ የጠዋቱ 8? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ ትንሹ የፎርማሊን ጊዜም 6 ሰዓት ነው። በቀኑ 8 ሰዓት ፎርማሊን የገባ ቀጭን ናሙና ጠዋት እንደገባ ተቆጥሮ የዚያኑ ዕለት ማሽን ውስጥ ቢገባ፣ ወረቀቱ ላይ በቂ ጊዜ ያገኘ ይመስላል፣ ሥጋው ግን ገና ጥሬ ነው። ኢ አር በሐሰት ኔጌቲቭ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ወይም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይጻፍ፤ ፎርማሊን የገባበትም ሰዓት፣ የወጣበትም።

ቀኑም እንደዚሁ። ስላይድ ላይ «5/2/16» ተጽፎ ውጭ አገር ሲሄድ እኛ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ያልነው እዚያ ፌብሩዋሪ 2016 ተብሎ ይነበባል። ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ብሎክ መስሎ «አዲስ ናሙና ላኩ» ተብሎ ይመለሳል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ካልተጻፈ ቀን አልተጻፈም ማለት ነው።

---

የልደታ ነርስ

ስምም ይጨመርበት። ፀሐይ በእንግሊዝኛ ፊደል በአራት በአምስት መንገድ ይጻፋል። ደብዳቤው ላይ በአንድ መንገድ፣ ሪፖርቱ ላይ በሌላ፣ ስላይዱ ላይ ደግሞ የራሷና የአባቷ ስም ብቻ ከሆነ ተቀባዩ ላብራቶሪ የአንድ ሰው መሆኑን ስላላረጋገጠ አያነበውም፤ ባያነበው ደግሞ ልክ ነው። እስከ አያት ያለው ስም ሪፖርቱ ላይ በተጻፈበት ፊደል ይገልበጥ። ስላይዱ ላይ ያለው የባዮፕሲ ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ይህን መስኮቱ ላይ ቆሞ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

---

የማህፀን ሐኪም

ጡት ላይ ብቻ አትቁሙ እባካችሁ። የማህፀን በር ጫፍ ላይ ሁለተኛ ንባብ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ይለውጣል። ወረራው እስከ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ከሆነ ደረጃው 1ኤ1 ነው፤ የደም ወይም የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ካልገባና መውለድ የምትፈልግ ሴት ከሆነች፣ ጠርዙ ነጻ እስከሆነ ድረስ፣ ሾጣጣ አድርጎ መቁረጥ ሊበቃት ይችላል። ከ3 አልፎ እስከ 5 ሚሊሜትር ከሆነ 1ኤ2፣ ከ5 ካለፈ 1ቢ ነው፤ እዚያ ላይ ሰፊው ቀዶ ጥገና ወይም ጨረርና ኬሞ ሊመጣ ይችላል። ከ2018 እ.ኤ.አ. የፊጎ (የዓለም አቀፉ የማህፀን ሐኪሞች ማኅበር) አመዳደብ ወዲህ ወደ ጎን ያለው ስፋት ለደረጃ 1ኤ አይቆጠርም። ስለዚህ «ወራሪ ካንሰር» ብቻ ብሎ ጥልቀቱን በሚሊሜትር ያልጻፈ ሪፖርት ይዞ ማህፀኗ ይውጣ ወይስ ይቅር ብሎ መወሰን አይቻልም። በሊፕ ሽቦ (በኤሌክትሪክ በሚግል ሽቦ) የተቆረጠ ሥጋ ሲሆን ጠርዙ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ጠርዝ ላይ «ንጹህ ነው» የሚል ሪፖርት ካያችሁ በሌላ ዓይን ይታይ።

ሲ አይ ኤን 2 (ካንሰር ያልሆነ፣ ግን ወደዚያ ሊያመራ የሚችል የማህፀን በር ለውጥ) የሚለው ደግሞ ፓቶሎጂስቶች እርስ በርስ በጣም ከሚለያዩባቸው አንዱ ነው። ፒ16 የሚባለው ቀለም እዚህ ይረዳል፤ ከታች ጀምሮ በተያያዘ ሁኔታ ደምቆ ከተቀለመ ከፍተኛ ደረጃ ወዳለው ይወስደዋል። በኮምጣጤ ምርመራ ተገኝቶ እዚያው በሙቀት የተቃጠለ ቁስል ግን የሚነበብ ናሙና አይተውም። ካንሰር ከተጠረጠረ ከማቃጠል በፊት ቆንጥሮ መውሰድ የግድ ነው።

ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ የአገራችንን ነገር አትርሱ፤ የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢ። ሆድ ውሃ ይሞላል፣ ሲ ኤ-125 የሚባለው የደም ምርመራ ይጨምራል፣ በሲቲ ሲታይ የተሰራጨ የኦቫሪ ካንሰር ይመስላል። ያለ ሥጋ ማስረጃ ኬሞ አይጀመር። ቀዶ ሐኪሙ ሥጋውን ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ ከጨመረው ባክቴሪያውን ማሳደግ አይቻልም፤ ትንሽ ቁራጭ በሳላይን ለብቻዋ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) ትሂድ። (የቀዶ ክፍል ሳላይን ያለው ለፓቶሎጂው ናሙና ነው፣ አይጋጭም።) ጡትም ላይ ቲቢና ሌላ ግራኑሎማ ያለው የጡት ቁጣ ካንሰር መስለው ይመጣሉ።

ኦቫሪ ላይ የተገኘ ካንሰር ሁሉ ከዚያ የመነጨ አይደለም። በሁለቱም በኩል ከሆነ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የመጣ እንዳይሆን ሲ ኬ 7፣ ሲ ኬ 20 እና ፓክስ 8 የሚባሉት የኢሚውኖ ቀለሞች ይታዩ።

---

ኦንኮ ለገሃር

ከሕክምናው በኩል ሁለት ነገር።

ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞ የምትጀምር ሴት ላይ በመርፌ የወጣው የመጀመሪያ ናሙና ምትክ የለውም። ኬሞው ጥሩ ከሠራ ካንሰሩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ኢ አርና ኸር-2 የሚታይበት ሌላ ሥጋ የለም። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው የኬሞ ዑደት በፊት ይጠናቀቅ። ያለው ኤፍ ኤን ኤ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ለማስነበብ አትድከሙ። በቀጭን መርፌ የተመጠጡ ሴሎች ካንሰሩ ከቱቦው መውጣቱን አያሳዩም፤ በ14 ቁጥር መርፌ ቢያንስ 4 ቁራጭ ኮር ባዮፕሲ ይወሰድ። አጥንት ላይ የተሰራጨ ከሆነም ናሙናው በአሲድ ከለሰለሰ ቀለሞቹ ስለሚወድቁ በኢ ዲ ቲ ኤ (ቀለሞቹን በማይጎዳው ማለስለሻ) እንዲለሰልስ አስቀድሞ ይነገር።

ሁለቱ ንባቦች ሲለያዩ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ደስ የሚለውን ይመርጣል። ይህ አይሆንም። «ሁለተኛው የበለጠ ያውቃል» የሚባልም ነገር የለም። ሁለቱ ፓቶሎጂስቶች ያዩት አንድ ብሎክ ነው ወይ? ቀለሙ የተሠራው አንድ ቦታ ነው? መጀመሪያ ይህ ይጣራ። ልዩነቱ ሕክምና የሚለውጥ ከሆነ ሁለቱም ሪፖርት ከነስላይዱ ለቲዩመር ቦርድ (የተለያዩ ሐኪሞች በካንሰር ጉዳይ አብረው ለሚመክሩበት ስብሰባ) ይቅረብ፣ ካስፈለገ ሦስተኛ ሰው የማንንም ውጤት ሳያይ ያንብበው። ግሬድ 2 እና ግሬድ 3 መባባሉ ግን ብዙ ጊዜ ሕክምና አይለውጥም፤ ለሱ ሲባል አንዲት ሴት ሁለት ወር መጠበቅ የለባትም። እንደኔ ከሆነ ደብዳቤው ሲጻፍ የቀጠሮ ቀን አብሮ ይያዝ፣ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ሐኪሟ ራሱ ደውሎ ይጠይቅ።

---

ታናሽ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ስላይዱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክስ? ወይስ ወደ ውጭ የሚላከው በፖስታ ነው?

---

ፓቶ አራት ኪሎ

የስልክ ፎቶ የሚያሳየው ላኪው የመረጠውን አንድ ቦታ ነው፤ ችግሩ ላኪው ያላየው ቦታ ላይ ቢሆንስ? በዚያ ላይ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ የኒውክሊየሱ ዝርዝር ይጠፋል። ለምክክር ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ፤ ምርመራ ብሎ መጻፊያ ግን አይሆንም። ሙሉው ስላይድ በስካነር በ40 እጥፍ ከተነሣ፣ ማለትም የምስሉ አንድ ነጥብ (ፒክስል) 0.25 ማይክሮን ገደማ ከሆነ፣ ለንባብ ይሆናል። አንዱ ስላይድ ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ኢንተርኔቱን አስቡበት።

በአካል ከሆነ ብሎክና ስላይድ ፈሳሽ የለባቸውም፤ ፎርማሊን ውስጥ ያለ እርጥብ ሥጋ ግን እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር በተራ ጥቅል አይላክ።

---

ሰም ቆራጭ

አሸጋጉ ላይ፦ ስላይድ በፕላስቲክ የስላይድ ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ የቀረው ባዶ ቦታ በጥጥ ይሞላ፣ ፕላስተር በቀጥታ መስታወቱ ላይ አይለጠፍ። ብሎክ በረዶ አይፈልግም፣ ሙቀት ግን ይጠላል፤ ሰሙ ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በታችም ይለሰልሳል። ፖስታ ቤት ተራ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት።

ሲመለስም ብሎኩ በቁጥሩ ይቆጠር። ኤ1 ወጥቶ ኤ2 ከተመለሰ እዚያው ይጻፍ፣ የተቀበለው ሰው ስምና ቀን መዝገቡ ላይ ይፈረምበት።